መርሳን ለማስወጣት የሞትሁ ዕለት

የመርሳ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። ሥራዬ መጮህ ነው። የወልድያ ተሳፋሪ በወልድያው፣ የደሴ ተሳፋሪ በደሴው መኪና እንዲገባ፣ ኋላ የመጣው ሚኒባስ ቀድሞ የመጣውን ተራ እንዳይነጥቅ፣ ከጧት እስከ ማታ ስጮህ እውላለሁ። ጠባዬ የከፋው ከሥራው በፊት ይሁን ከሥራው በኋላ እንጃ፤ እናቴ ግን ‹‹አንተማ ስትወለድም እየተቆጣህ ነው የወጣኸው›› ትለኛለች። እንግዲህ ወልድያ ላይ ‹‹በአደጋ ጊዜ ሕዝብ በእግሩ ከከተማ እንዴት ይወጣል›› የሚል ሥልጠና ሲዘጋጅ ከመርሳ የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። እውቀቴን የጠየቀኝ የለም፤ ድምፄን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ልጅ ነው። በግድግዳው ላይ የትልልቅ ከተሞችን ሥዕል እያሳየ፣ ድልድይ ሙሉ ሰው ሳይገፋፋ ሲሻገር እያሳየ፣ ብዙ ነገር አስተማረን። የሚሄድና የሚመለስ ሰው በአንድ መንገድ መገናኘት የለበትም አለ። በሕዝብ ላይ አትጩሁ፣ ጩኸት የበዛበት ሕዝብ እርስ በርሱ ይረጋገጣል አለ። ይቺን ስሰማ በግሌ የተነገረችኝ መስሎኝ ተቀየምሁ። ደግሞም ‹‹‹ከዚህ ጥፉ› አትበሉ፤ ‹ወደዚያ ሂዱ› በሉ። ሰው የሚደርስበትን ካላወቀ ካለበት አይነቃነቅም›› አለ።

እኔም እጄን አውጥቼ ‹‹እኛ እኮ ይህንን ኮርስ በእግራችን ጨርሰነዋል›› አልሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በጦርነቱ ጊዜ ከወልድያ ጀምሮ በመርሳ በኩል እስከ ደሴ ያልተጓዘ በዚያ አዳራሽ ማን አለ? አንዱ ፍራሽ ተሸክሞ፣ አንዱ ፍየል እየጎተተ፣ የእኛ ጎረቤት ደግሞ የቤቱን በር ነቅሎ በጀርባው አዝሎ፣ መንገዱን ሞልተን ነው የሄድነው። አሠልጣኙም አብሮን ሳቀ። ከዚያ ‹‹ስንት ሰው ተጠፋፋ?›› ብሎ ሲጠይቅ ሳቁ ቆመ።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ከተማ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይምረጥ ተባለ። ሳይረን የለንም። እኔ ሆዬ ብድግ ብዬ ‹‹የቅሬው ጥሩምባ አለ!›› አልሁ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው እየዞረ ይነፋል፣ እስላም ክርስቲያኑ ይሰማል፣ የማይሰማው ሟቹ ብቻ ነው። ተጨበጨበልኝ። አሠልጣኙም በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አለ። ጥሩምባው ሲነፋ የመርሳ ሰው እግሩ ወዴት እንደሚያመራ ያሰበ ግን አንድም ሰው አልነበረም፣ ራሴን ጨምሮ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የበጋ ጧት፣ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ከወልድያ ሲመጣ መርሳ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ኩርባው ላይ ተገለበጠ። ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ፣ ግንባሩ ትንሽ ተጭሮ፣ አንድ እግር ጫማዬን ያያችሁ እያለ ይፈልጋል። ቤንዚኑ በቦዩ እየወረደ ወደ ቤቶቹ ይሄዳል። የመንገድ ፖሊሶቹ እኔን ከቦቴው ማዶ፣ በወልድያ በኩል ካለው ከፍታ ላይ አቆሙኝና ‹‹ከላይ የሚመጣ መኪና እንዳታሳልፍ፤ ስልክም ከዚህ ወደታች እንዳይከፈት›› አሉኝ። ከቆምሁበት ሆኜ ቦቴውም፣ ቦዩም፣ የከተማው መግቢያም ፍንትው ብሎ ይታየኛል።

ወዲያው ለጥሩምባ ነፊው ደወልሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ያልቀበሩት ሰው ቢኖር ገና ያልሞተው ነው።

‹‹አባባ፣ አደጋ ደርሷል፣ ይንፉ!››

‹‹የት ቆሜ ልንፋ?››

እንግዲህ ሰው ችኩል ሲሆን አፉ ከራሱ ይቀድማል። ‹‹አደጋው ካለበት ነዋ!›› አልኋቸው።

አባባ የታዘዙትን የሚያጓድሉ ሰው አይደሉም። ከቦቴው የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት ላይ ቆመው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ጥሩምባውን አስጮኹት። መርሳም መጣች። ነጠላውን ያዘቀዘቀው፣ ጋቢውን የደረበው፣ ዱላውን የያዘው፣ ሱቁን በግማሽ የዘጋው፣ ‹‹ማን ነው? ማን ነው የሞተው?›› እየተባባለ በቀጥታ ወደ ቤንዚኑ ነጎደ። በእኛ አገር ጥሩምባም ሆነ ኡኡታ ከተሰማ እግር ወደ ድምፁ ነው የሚሮጠው፤ ከድምፁ የሚሸሽ ሰው በኋላ ማን ፊት ይቆማል? ይህንን ጡት እየጠባሁ የማውቀውን ነገር እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጭብጨባ አስረሳኝ።

ፖሊሶቹ ‹‹ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ተመለሱ!›› ይላሉ። ሕዝቡ ‹‹ሟቹን ሳናይ?›› ይላል። አንዷ ሴትዮ ሾፌሩን አይታ ‹‹ውይ ልጄን፣ ባገሩ ቢሆን ምን ነበር!›› ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሾፌሩ ‹‹ኧረ እኔ አልሞትሁም!›› ቢል ‹‹ድንጋጤ ነው የሚያናግረው፣ አስቀምጡት›› አሉ። ከዚህ ሁሉ የባሱት ደግሞ ጀሪካን ይዘው የመጡት ናቸው። እነሱ ለለቅሶ አልነበረም የመጡት፤ ግን ለቅሶውን አይተው ጀሪካኑን በጋቢ ሸፈን አደረጉት። አንድ ሲጋራ፣ አንድ የወደቀ ክብሪት ቢኖር የእነሱም የሁላችንም ነገር ያበቃ ነበር።

እኔም ከማዶ ሆኜ ጮህሁ። የተመረጥሁበትን ድምፅ አውጥቼ፣ ደም ሥሬ እስኪገተር ጮህሁ። ነፋሱ ወደ ኋላዬ፣ ወደ ሲሪንቃ መንደር መልሶ ወሰደው።

ያን ጊዜ ነው ከፊት እናቴን ያየኋት።

ጉልበቷ የማይታዘዛት አሮጊት ናት፤ መናኸሪያ ድረስ እንኳ በሁለት እረፍት ነው የምትመጣው። ለቅሶ ሲሆን ግን ማንም አይቀድማትም። ምክንያቱን መርሳ ሁሉ ያውቃል። በዚያ የስደት መንገድ ላይ ታላቅ ወንድሜ ከእኛ ተጠፋፋ። ሕመምተኛ ነበር፤ መድኃኒቱ አልቆበት ሐይቅ ከተማ ሳይደርስ እንደ ሞተ፣ የማያውቁት ሰዎች እንደ ቀበሩት የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። ስንመለስ ቅሬው ተበትኖ፣ ድንኳኑም ጠፍቶ ነበር፤ ሁሉም ቤት የየራሱን ሐዘን ይዞ ተቀምጦ ነበርና ማን ለማን ይምጣ? ሳይለቀስለት ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለሱ አታነሣም፤ ነገር ግን የማታውቀው ሰው እንኳ ቢሞት ቀድማ ትደርሳለች። አሁንም ምርኩዟን ቦዩ አፋፍ ላይ ተክላ፣ ‹‹እማማ፣ ይመለሱ›› ለሚላት ፖሊስ ‹‹ልጄ፣ ሰው ሞቶ ወዴት እሄዳለሁ?›› ትለዋለች። ቤንዚኑ ከጫማዋ ሥር ነው።

የአሠልጣኙ ቃል ትዝ ያለችኝ እዚህ ላይ ነው። የሚደርሱበትን ንገሯቸው ነበር ያለው። የመርሳ ሰው የሚደርስበት ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው። እንግዲያው ለቅሶው ቦታ ይቀይር፤ ወደ ሌላው ጫፍ፣ ወደ ውርጌሳ መውጫ፣ እኛ ሰፈር ይሂድ። የስልኩን ክልከላ ጥሼ ደግሜ ደወልሁ።

‹‹አባባ፣ መጀመሪያ ከዚያ ራቅ ይበሉልኝ።›› ራቁልኝ። ‹‹ለቅሶው በውርጌሳ መውጫ ነው ብለው ይንገሩ።››

‹‹የማን ለቅሶ?››

‹‹የማንም ይሁን።››

‹‹የማንም የሚባል ሰው ቀብሬ አላውቅም።››

ተራ በመንጠቅ ያቃጠለኝን አንድ የሚኒባስ ሾፌር ስም ጠራሁላቸው። ‹‹እሱማ ይኸው አጠገቤ ቆሞ ማን ሞተ እያለ ነው›› አሉኝ።

‹‹እንግዲያው የእኔን ይጥሩ። ተራ አስከባሪው ሞቷል ይበሉ።››

‹‹ማን ነገረህ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ራሱ ደወለልኝ?›› አሉ።

‹‹አባባ፣ ጊዜ የለንም!››

‹‹በሐሰት ሰው ገድዬ ኃጢአቱን ማን ሊሸከምልኝ ነው?››

‹‹እኔ ልሸከመው።››

‹‹ንስሐ አባት ዘንድ አንተ ነህ የምትሄደው።››

‹‹እሄዳለሁ አባባ።››

‹‹እናትህ እኮ እዚህ ናት፣ አንተ ልጅ›› አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እያየኋት ነበር። የምጠይቃቸው ነገር ምን እንደሆነ ገብቶኛል። አንድ ልጅ ሳታለቅስለት ያጣች ሴት ላይ ሁለተኛውን ልጥልባት ነው፣ ያውም በውሸት። ግን ከዚያ ቦይ አፋፍ የሚያነሣት ሌላ ነገር ቢኖር አላወቅሁም። ‹‹በጆሮዋ እንዳይገባ›› ብቻ አልኋቸው።

‹‹እሱንስ ለእኛ ተወው›› አሉኝ ተቆጥተው። ‹‹መርዶ አያያዝ አንተ አታስተምረኝም።››

እውነታቸውን ነው። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። ባለሐዘኑ ቤቱ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ሰው ግራ ቀኙን ይዞት ነው የሚረዳው፤ እስከዚያ የሰማ ሁሉ ያልሰማ ይመስላል። አባባ ጥሩምባውን ጋቢያቸው ሥር ከተቱና ላንድ ሽማግሌ በጆሮው አንሾካሾኩለት። ሽማግሌው ለሚቀጥለው፣ የሚቀጥለው ለሚስቱ። ከዚያ ጥይት ቢተኩሱበት እንኳ የማይመለስ የነበረው ሕዝብ፣ ትእዛዝ ሳይሰጠው፣ ፊቱን አዞረ። የጮኸ የለም። የሮጠ የለም። እናቴ እንዳትጠረጥር ሁሉም ቀስ ብሎ፣ መንገዱን ይዞ፣ ባንድ አቅጣጫ ተጓዘ። ጀሪካን የያዙትም ‹‹የሰው ነገር እኮ!›› እያሉ ባዶውን አንጠልጥለው ተከተሉ። በግድግዳ ላይ ያየሁት የትልልቆቹ ከተሞች ሥዕል እንኳ እንደዚህ አልነበረም።

በመንገድ ላይ የተባለውን በኋላ እያንዳንዱ እየመጣ ነግሮኛል። አንዱ ክንዷን ይዞ ‹‹እማማ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ነው›› ይላታል፣ በድርቅ አናት። ሚኒባስ በሱቄ በር ላይ አቆምህ ብሎ ያኮረፈኝ ባለሱቅ ምርኩዟን ተቀብሎ ‹‹ልጅዎ መልካም ሰው ነው›› ይላል። ቄሱ ቀልድ ጀመሩ፤ መጨረሻው ጠፋቸውና ሳይጨርሱ ሳቁ፤ ሕዝቡም አብሯቸው ሳቀ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሐዘንተኛ እንደሚያጽናና ሰው ‹‹አብሽሪ›› ካለቻት በኋላ ለምን እንዳለች ግራ ገብቷት አፏን በሻሿ ያዘች።

‹‹ለቅሶው ወዴት ነው?›› ብላ ጠየቀች እናቴ።

‹‹ወደ እናንተ ሰፈር ነው፣ ስንደርስ እንሰማለን።››

እሷ እኮ ለግማሹ ከተማ መርዶ ያደረሰች ሴት ናት። ክንድ እንደዚያ የሚያዘው መቼ እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከከፍታው ላይ ሆኜ ቆም ስትል አየኋት። ከደረቷ ስልኳን አወጣች። የእኔ ስልክ በእጄ ላይ ጮኸ። ‹‹እማዬ›› ይላል።

አብሯት የነበረው ሕዝብ ሁሉ ቆሟል። ገና ከኩርባው አልራቁም፤ የቤንዚኑ ሽታ እንዳለ ነው። ባነሣው ‹‹አለሁ እማዬ›› ማለቴ ነው፤ አለሁ ካልሁ ደግሞ ሕዝቡ ‹‹ታዲያ ማን ነው የሞተው?›› ብሎ ተመልሶ ይመጣል። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ደግሞ ጠራ። በመናኸሪያው ተሰድቤያለሁ፣ በዱላም ተመትቻለሁ፤ እንደዚያ ስልክ የከበደኝ ነገር የለም። አላነሣሁትም። እሷም ስልኩን መልሳ ከተተች፤ ምርኩዟን ከባለሱቁ ነጠቀች፤ ከዚያ ሄደች። በሁለት እረፍት መናኸሪያ የምትደርሰው ሴትዮ ሌላው ሰው በሶምሶማ እንዲከተላት አደረገች። ቦዩ ዳር ሰው የሚባል አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ዕረፍት አልነበረውም። የከተማው ሰው ሁሉ መሞቴን ለማረጋገጥ ወደ እኔው ይደውላል። አንዱማ ‹‹ሞተሃል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ? መልስልኝ›› ብሎ ጽፎልኛል።

የእሳት አደጋ መኪና ከወልድያ መጣ፣ አፈር ተበተነ፣ የቀረው ነዳጅ ወደ ሌላ ቦቴ ተገለበጠ። አንዲት ብልጭታ ሳትኖር ተጠናቀቀ። ይህም በኋላ ጣጣ ሆኖብኛል፤ እስከ ዛሬ ‹‹ላልነደደ ቦቴ ነው የሞትኸው›› የሚሉኝ አሉ።

ፖሊሶቹ ሂድ ሲሉኝ በጓሮ መንገድ ዞሬ ወደ ሰፈራችን ወረድሁ። ድንኳኑ ተተክሏል። አግዳሚው ተደርድሯል። ለተሳፋሪ የሚሆን አንዲት ዳስ ጣሉልኝ ብዬ ስንት ዓመት ስለምን ሰሚ ያጣሁ ሰው፣ ስሞት በግማሽ ቀን ድንኳን ከነወንበሩ ተሰጠኝ። ከአጥሩ ጀርባ ቆም ብዬ አዳመጥሁ። አይ ሰው! ሰው ስለሱ ምን እንደሚል መስማት የማይወድ ማን አለ? አልቃሿ ለመልካምነቴ ቃል ስትፈልግ ቆየችና እንዲህ አለች፦

ተራ ሲያስከብር ሲጮኽ ውሎ ለሰው፣
ሞት ተራ ሳይጠብቅ ቀድሞ ወሰደው።

ደስ አለኝ። እውነት ለመናገር ትንሽም አስለቀሰኝ። ከዚያ ገባሁ።

የሆነውን ሁሉ መዘርዘር አልችልም። አግዳሚ ተገለበጠ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ‹‹ላ ኢላሃ ኢለላህ!›› ብላ ከበሩ ወደ ውስጥ መሸሽ ሲገባት ወደ እኔ ሮጠች። ቄሱ አማተቡ። አባባ ተነሥተው ‹‹ተረጋጉ፣ ደኅና ነው፣ እኔም አውቅ ነበር›› ሲሉ የሕዝቡ ቁጣ ከእኔ ላይ ተነሥቶ እሳቸው ላይ ዐረፈ። በዚህ መሃል ጎረምሶቹ አካፋና ዶማ ይዘው፣ እጃቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደረሱ። እኔን ሲያዩ አንደኛው አካፋውን ጣለና ‹‹ድንጋይ ነበር እኮ ታቹ!›› ብሎ ጮኸብኝ። ነገሩን አስረዳሁ፤ ቦቴውን፣ ቦዩን፣ ስልኩን ነገርኋቸው። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፣ የተቆጡትም ሳቁ። የቅሬው ሰዎች ‹‹እንግዲህ ተመስገን ነው›› እያሉ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ።

እናቴ አልሳቀችም። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች እጇን ዘረጋችልኝ። ሄጄ ሥሯ ተንበረከክሁ። ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን። ይቅር በይኝ እማዬ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

‹‹ስልክህ ጠራ›› አለችኝ። ‹‹ያኔ በመንገድ ላይ የወንድምህ አልጠራም ነበር። አንተ ጋ ሲጠራ ጊዜ ምናልባት አለ ብዬ ነው የሮጥሁት።››

እሷም ቀና ብላ ገመዱን የሚፈቱትን ሰዎች አየች።

‹‹ተዉት፣ አታፍርሱት›› አለቻቸው። ‹‹ሰው ተሰብስቧል፣ ድንኳኑም አለ። ለታላቁ አልተለቀሰለትም።››

ገመድ የፈታው መልሶ አሰረ። ባለሱቁ የተገለበጠውን አግዳሚ አቃንቶ ጋቢውን አዘቅዝቆ ተቀመጠ፤ ጎረምሶቹም አካፋቸውን ከአጥሩ ጥግ አስጠግተው ተቀመጡ። ከድንኳኑ ወጥቶ የሄደ አንድም ሰው አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና የወንድሜን ስም ጠራች፣ በሙሉ ድምፅዋ። ከዚያ መንገድ ከተመለስን ወዲህ ስሙ ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። አልቃሿ ተቀበለቻት፤ ሴቶቹ ተከተሉ። እኔም የተራ አስከባሪ ሰደርያዬን አውልቄ ከወንዶቹ ጋር ለወንድሜ ለቅሶ ተቀመጥሁ።